ቁጥሩን ብቻ ንገሪኝ

በመንደሩ ዝናብ የሚፈሩ ነገሮች ሁለት ነበሩ፤ አንዱ የአስተማሪው አዲስ ጫማ፣ ሁለተኛው ኢንተርኔቱ። ደመና ከተራራው ገመገም ጀርባ ብቅ ሲል ጫማው ከእግር ይወልቃል፣ ኢንተርኔቱም ከስልክ ይጠፋል። የጤና ጣቢያዋ ነርስ የሕፃን ሽፍታ ለከተማው ሐኪም በስልክ እያሳየች ሳለ ምስሉ ድርቅ ይልና ሐኪሙ አፉን እንደከፈተ ይቀራል። አንዲት አያት ደግሞ ከተማ ያለውን የልጅ ልጃቸውን "በል ሳቅልኝ፣ የኔ ጌታ" ሲሉት ቆይተው፣ ልጁ ሊስቅ ከንፈሩን ሲያንቀሳቅስ ጥፍት ይላል። ታዲያ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ሰማዩን ያያል፣ ቀጥሎ የወፍጮ ቤቱን ጣሪያ ያያል፣ በመጨረሻ ሚዛንን ያያታል። ጣሪያው ላይ የተተከለችውን ነጭ ዲሽ የምትጠብቃት እሷ ስለሆነች ዝናቡንም እሷ ያዘነበችው ይመስላቸዋል።

ሚዛን የወፍጮ ቤቱ ባለቤት አንድያ ልጅ ናት። እናቷ ካረፈችበት ዓመት ጀምሮ፣ ገና በአሥራ ሦስት ዓመቷ፣ እህል የሚመዝነው ሚዛን ላይ ቆማለች። ለዘመድ አትጨምር፣ ለባዳ አትቀንስ፤ ስሟም በዚያው ቀረ። እውነተኛ ስሟን የሚያውቀው የትምህርት ቤቱ መዝገብ ብቻ ነው እያሉ ይቀልዱባታል።

አባቷን ሰው "ጋሽ ወፍጮ" ይለዋል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ወፍጮ የጮኸበት ጆሮ ነውና አጠገቡ መብረቅ ቢወርድ "ማነው ያንኳኳው?" የሚል ሰው ነው። አንዱ ጆሮው ጨርሶ ጠፍቷል፤ በሌላው የሚሰማው ከፍ ያለ ድምፅ ሲለጠፍበት ብቻ ነው። አባትና ልጅ የሚነጋገሩት በእጅ ነው። ጣት ለኪሎ ነው፤ መዳፍ ከራስ በላይ ከተዘረጋ "ሞላ፣ አቁም" ነው፤ ጆሮ ከተነካ "ሰው ይፈልግሃል" ነው። ሰው የሚለውን እሷ ትሰማለች፣ ለእሱ በእጇ ትነግረዋለች። ለብቻው መንገድ ሲወጣ ሰላም ላለው ሁሉ "ጆሮዬን ቤት ትቼ ነው የመጣሁት" እያለ ያልፋል።

ከዲሿ የሚወርደው ሽቦ ከሚዛኑ አጠገብ ግድግዳ ላይ የተሰቀለች ትንሽ ሳጥን ውስጥ ይገባል። ሳጥኗ ሌት ተቀን አንድ ቁጥር ታሳያለች። ቁጥሩ እንደ ትኩሳት ነው፤ ሲወርድ ነው ደግ። ሃምሳዎቹ ውስጥ ከገባ ጤና ነው፣ ሰማንያ ካለፈ ኢንተርኔት የለም። ሚዛን በየማለዳው ቁጥሩን በጠመኔ ግድግዳው ላይ ትጽፈዋለች። ሰማዩ ሲጠራ ሰባ አንድ፣ ሲዳምን ሰባ ስምንት፣ ሲዘንብ ደግሞ ሰረዝ ብቻ።

ሰኞ ሰኞ ግን ቁጥሩ ሁለት ጊዜ ይጻፋል፤ አንዴ ግድግዳው ላይ፣ አንዴ ስልኳ ላይ። ሰኞ ጠዋት ከአንድ ሰው አንድ መልእክት ይመጣላታል። "ቁጥሩ ስንት ነው?" ይላል። ሰላምታ የለው፣ እንዴት ሰነበትሽ የለው። "ሰባ አንድ" ብላ ትመልሳለች። "አመሰግናለሁ" ይላታል፤ በቃ። አራት ወር ሙሉ፣ አሥራ ሰባት ሰኞ። መልእክቱ ሲመጣ ጠመኔዋን ጥላ ስልኳን ታነሳለች፤ አንብባ ስትጨርስ ደግሞ ሌላ ቃል ይኖረው ይሆን ብላ መልሳ ታነበዋለች። "ለሥራው ነው" ትላለች ለራሷ። "ለሥራው ባይሆን ከእኔ ምን ጉዳይ አለው?"

ሰውየው ዲሿን የተከለው የኢንተርኔት ኩባንያ ቴክኒሻን ነው። ቀኑን ሙሉ ገመገሙ ላይ በቆመው የብረት ማማ ተንጠልጥሎ ስለሚውል መንደርተኛው "ባለማማው" አለው። የቆየው ሦስት ሳምንት ነበር። ሥራው እንዲህ ነው፤ አንድ ዲሽ ማማው ላይ፣ አንድ ዲሽ ወፍጮ ቤቱ ጣሪያ ላይ፣ በመካከላቸው ስምንት ኪሎ ሜትር ባዶ አየር። ሁለቱ ዲሾች ዓይን ለዓይን ካልተያዩ ነገር የለም። እሱ እዚያ ላይ ሆኖ ዲሹን በጥፍር ስፋት ያዞራል፤ እዚህ ደግሞ አንድ ሰው ጣሪያ ላይ ቆሞ ከመለኪያው ቁጥሩን እያነበበ በእጅ ሬዲዮ ይነግረዋል። ቁጥሩን ማን ያንብብ ሲባል መንደሩ በአንድ ድምፅ "ሚዛን" አለ።

የእጅ ሬዲዮ አንድ ክፉ ጠባይ አለው፤ ሁለት ሰው ባንድ ጊዜ አይናገርበትም። ቁልፉን ተጭኖ የሚናገር ሰው የሌላውን ድምፅ አይሰማም። ስለዚህ ተናጋሪው ሲያበቃ "ጨረስኩ" ብሎ ቁልፉን ይለቃል። ይህን ያስተማራት እሱ ነው።

"ሰማንያ ሁለት ነው፤ ጨረስኩ።"

"አሁንስ? ጨረስኩ።"

"ሰማንያ። ቁርስ በልተሃል ወይ? ጨረስኩ።"

"እዚህ የሚበላ ነፋስ ብቻ ነው። ጨረስኩ።"

በማግስቱ አባቷ ሲሚንቶ በአህያ ወደ ማማው ሲወስድ ሚዛን ዳቦ በጨርቅ ቋጥራ ላከች። በሦስተኛው ቀን ጨርቁ ታጥቦ ተመለሰ። ፊት ለፊት ሲገናኙ ሁለቱም መሬት መሬት ያያሉ፤ ስምንት ኪሎ ሜትር ሲራራቁ ግን ወሬያቸው አያልቅም። የመንደሩ ሰው ይህን አይቶ ምን እንዳለ ሚዛን አልሰማችም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ።

ከዚያ የመጨረሻው ቀን መጣ። በማግስቱ የኢንተርኔቱ ምረቃ እንግዶች ይመጣሉ፤ የባለማማው ኃላፊ እነሱን ሊቀበል ከማማው ወርዶ ነበር፤ ዲሹ ደግሞ በዚያው ቀን መታሰር ነበረበት። ነፋሱ ቁጥሩን አላስቆም ብሎ፣ ሚዛን ቁልፉን ሳትለቅ እንደ ወንዝ ስታንበለብለው ቆየች፤ "ሰባ አምስት፣ ሰባ ሦስት፣ ሰባ አራት፣ ሰባ ሁለት፣ ሰባ አንድ፣ ሰባ አንድ። ጨረስኩ።" ቁልፉን ለቀቀች። ከዚያ የእሱ የማይመስል ድምፅ "ገባኝ። ጨረስኩ" አላት። ዲሹን ሰባ አንድ ላይ አስሮ ወረደ። በምረቃው ቀን ከሰው ሁሉ ኋላ ቆሞ አንድ ጊዜ እንኳ ቀና ብሎ ሳያያት፣ በጭነት መኪና ጀርባ ተቀምጦ ሄደ። ሚዛን ምን እንዳጠፋች ብታስብ ብታሰላስል አጣችው። አባቷም ያን ማታ ከማማው ሲመለስ ራሴን አሞኛል ብሎ እራት ሳይበላ ተኛ፤ እሷ ግን በራሷ ሐዘን ተይዛ ልብ አላለችውም።

አሥራ ስምንተኛው ሰኞ ላይ መልእክቱ ቀረ።

ሚዛን ስልኳን አሥር ጊዜ አየችው። ሰማዩ ዳምኗል፤ ለዚያ ይሆናል ብላ ራሷን አጽናናች። ረፋዱ ላይ፣ የእህል ተራ የያዘው ሰው በር ድረስ ተሰልፎ፣ ወፍጮው እየጮኸ ሳለ የኩባንያው መኪና ደጃፍ ቆመ። ባለማማው ወረደ። ከስቷል። ጢሙን አልተላጨም። ሚዛን በእጇ የያዘችውን የስንዴ ጆንያ መሬት አስቀመጠችና እጇን በሽርጧ ጠረገች፤ ከዚያ ምን እንደምታደርግበት ጠፋትና መልሳ ጠረገችው።

"እንዴት ነዎት?" አላት።

ቢሰድባት ይሻላት ነበር። ነዎት! ዳቦዬን የበላህ፣ ጨርቄን ያጠብክ፣ ስሜ ጠፍቶህ ነው ወይስ ፊቴ? በሆዷ ያለውን በሆዷ ይዛ፣ "ይመስገነው። እርስዎስ?" አለችው። ሁለቱም እንደ ሽማግሌ ተከባብረው ቆሙ።

"ዲሹ ያኔ በደንብ አልታሰረም" አለ፣ ዓይኑን ከሳጥኗ ላይ ሳያነሳ። "ጥፋቱ የኔ ነው። ኃላፊዬ 'ያሰርከውን ራስህ ፍታ' ብሎ ነው የላከኝ። ዛሬ ካልተስተካከለ ኩባንያው ዲሹን ነቅሎ ለሌላ መንደር ይሰጠዋል። ወፍጮው ሁለት ሰዓት ያህል መቆም አለበት፤ ጣሪያው ከተንቀጠቀጠ ቁጥሩ አይረጋም።"

ሹፌሩ ወሬኛ ነበር። "አሥር ሰዓት ላይ መንቀሳቀስ አለብን" አለ ከመኪናው መስኮት። "እሱ ነገ ወደ አዲሱ ምድቡ ነው። የሁለት ቀን መንገድ፣ ያውም ለሦስት ዓመት። ራሱ ነው ለምኖ የተዛወረው፣ እኔ እንደሱ ያለ ጅል አላየሁም።"

ሚዛን ይህን ሰማች። ራሱ ለምኖ።

ባለማማው ሹፌሩን በዓይኑ ገሠጸውና ከቦርሳው አንድ ነገር አውጥቶ ወደ አባቷ ሄደ። ወፍራም፣ ቀይ፣ ጆሮን ግጥም አድርጎ የሚዘጋ መሸፈኛ ነው፤ በትልልቅ ጄኔሬተር ሥር የሚሠሩ ሰዎች የሚያደርጉት ዓይነት። በእጁ ወፍጮውን አሳየው፣ ጆሮውን አሳየው፣ "ለቀረችው ጆሮዎ" አለና ራሱ አጠለቀለት። ሰው "ጎሽ" አለ። አባቷ ግን አልሳቀም፣ አላመሰገነም። ዕዳ የተጣለበት ሰው መስሎ ዓይኑን ሰበረ፤ ሚዛን ምክንያቱ አልገባትም።

"ቁጥሩን የሚያነብልኝ ሌላ ሰው ካለ…" አለ ባለማማው ወደ እሷ ዞሮ። "እርስዎን እንዳላስቸግር።"

"ሌላ ሰው የለም" አለችው። "ቁጥር ማንበብ ደግሞ አያስቸግረኝም።"

ለአንዲት ቅጽበት ዓይን ለዓይን ተያዩ። እሱ ቀድሞ ዓይኑን ወደ መሬት መለሰ። ሬዲዮውን ሲያቀብላት ጣቱ ጣቷን እንዳይነካ ጫፉን ይዞ ነበር፤ መኪናው ወደ ገመገሙ ሲወጣ አቧራው እስኪጠፋ እያየች ቆመች። አራት ወር ስትጠብቀው የኖረችው ሰው መጥቶ፣ ከመቅረቱ ይልቅ መምጣቱ ጎዳት።

ወፍጮው ቆመ። መንደሩ እንዲህ ያለ ጸጥታ ለምዶ አያውቅም፤ የዶሮ እግር ሲጭር ይሰማል። ተራ የያዘው ሰው ጆንያው ላይ ተቀመጠ፤ ነርሷ፣ አስተማሪውና አሮጊቷ አያትም እህላቸውን ሊያስፈጩ መጥተው ከመካከላቸው አሉ። ሚዛን በመሰላሉ ጣሪያው ላይ ወጥታ መለኪያውን ከዲሿ ሽቦ ጋር አገናኘች፤ ሬዲዮውን በቀኝ እጇ ያዘች።

"ማማው ላይ ነኝ" አለ ድምፁ፣ እየተንሿሿ። "ብሎኑን ፈታሁ። ስንት ነው? ጨረስኩ።"

"ሰባ ሁለት። ጨረስኩ።"

"አሁን ወደ ግራ እወስደዋለሁ። ይብሳል፣ አይደንግጡ። ጨረስኩ።"

"ሰባ አምስት። ሰባ ዘጠኝ። ሰማንያ አራት። እየጠፋ ነው። ጨረስኩ።"

"ይጥፋ" አለ። ነፋስ ድምፁን ወስዶ መለሰው። "ያኔ ያሰርኩት አሳሳች ቦታ ላይ ነው። ዲሽ አንድ እውነተኛ ቦታ አለው፤ ከጎኑ ደግሞ እሱን የሚመስሉ አሉ። ሰው አሳሳቹ ላይ ሲደርስ ቁጥሩ ይሻለዋል፤ ትንሽ ሲያልፍ ይብስበታል፤ 'በቃ፣ ደግ ቦታ ይኸው' ብሎ ይመለሳል። እውነተኛው ግን ከመጥፋቱ ማዶ ነው ያለው። ያን ቀን ይህን አውቀው ነበር። ግን ወደ ፊት የምገፋበት ልብ አልነበረኝም። ጨረስኩ።"

መለኪያው ባዶ ሆነ፤ ሰረዝ ብቻ። "ጠፋ፤ ጨረስኩ" አለችና ሬዲዮውን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች። ስምንት ኪሎ ሜትር ርቆ ስለማያያት አለቀሰች።

ከታች ግን የሚያያት ነበር። መሰላሉ ተንቋቋና የአባቷ ራስ ብቅ አለ፤ ቀዩ መሸፈኛ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል። ሠላሳ ዓመት ዱቄት የጠጣ ደረቱ እያቃሰተ መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ። ግራ ቀኙን አየ። ከዚያ ወደ ጆሮዋ ጎንበስ ብሎ በሹክሹክታ ተናገረ፤ ሹክሹክታ መሰለው እንጂ ድምፁ ወፍጮ ሲጮህ ሰው የሚጠራበት ድምፅ ነበር። ወፍጮው ደግሞ ቆሟል። ደጅ ያለው ሰው በሙሉ ቀና አለ።

"ልጄ፣ አንድ ነገር ሰርቄሻለሁ።"

ሚዛን እጇን አፉ ላይ ልታደርግ ነበር፤ ፊቱን ስታይ ግን እጇ መንገድ ላይ ቀረ።

"ያን የመጨረሻ ቀን ባትሪውን አድርሼ ከማማው ሥር ጥላ ውስጥ ተቀምጬ ነበር። ኃላፊው ትርፉን ሬዲዮ የዕቃ ቦርሳው ላይ ትቶት ወርዷል። እኔም እስቲ እነዚህ ልጆች ቀኑን ሙሉ ምን ይሆን የሚባባሉት ብዬ፣ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍቼ ጆሮዬ ላይ ለጠፍኩት። ልጁ ይህ ደንቆሮ ነው ብሎ አልተጠነቀቀኝም። በቅርብ ስለነበርኩ ለኔ የተሰማኝ የሱ ድምፅ ነው፤ አንዲት ቃል አላመለጠችኝም።"

ዓይኑን ጨፍኖ፣ ልጅ የቃል ጥናቱን እንደሚወጣ ተናገረው።

"'እዚህ ላይ ሆኜ አገሩ ሁሉ ይታየኛል፤ የማየው ግን አንድ ቆርቆሮ ጣሪያ ብቻ ነው። ሥራው ዛሬ ያልቃል፤ እኔ ግን መሄድ አልፈልግም። የቀን ሠራተኛ ልጅ ነኝ፣ ለአባትሽ ቤት የሚመጥን ነገር የለኝም። ፈቃድሽ ከሆነ ግን ወርጄ አባትሽን እጠይቀዋለሁ። ካልፈለግሽ ደግሞ ክፉ ቃል ፍለጋ እንዳትቸገሪ፤ ቁጥሩን ብቻ ንገሪኝ፣ ይገባኛል። ጨረስኩ።' እንዲህ አለ። ከዚያ ያንቺ ድምፅ መጣ። ሰባ አንድ አልሽው።"

ሚዛን ቀዝቃዛ ውኃ የተደፋባት ያህል ደነገጠች። እሷ ቁልፉን ተጭና ቁጥር ስታንበለብል፣ በዚያችው ደቂቃ እሱም ቁልፉን ተጭኖ ይህን ሁሉ ይናገር ነበር። ሁለቱም ተናገሩ፤ አንዳቸውም አልተሰሙም። ቁልፉን ሲለቅ የደረሰው የመጨረሻው ቃሏ ብቻ ነው። ገባኝ ያላት ለካ ይህንን ነው። ከዚያ ወዲያ ደግሞ በየሰኞው፣ እስቲ ዛሬ ሌላ ነገር ትለኝ ይሆናል ብሎ "ቁጥሩ ስንት ነው?" ሲላት፣ እሷ በገዛ ጣቷ ሰባ አንድ፣ ሰባ አንድ፣ ሰባ አንድ። አሥራ ሰባት ጊዜ አይሆንም ብላዋለች።

ሁለት እጇን ዘረጋችበት፤ ለምን?

"ቀኑን ሙሉ ስታወሩ ከርማችሁ ቁጥር ብቻ ስትመልሺለት፣ አልሰማችውም ማለት ነው ብዬ ያኔውኑ ጠርጥሬ ነበር" አለ አባቷ። "ግን ዝም አልኩ። ካልነገርኳት ይቀራል፣ ልጄም አትሄድብኝም አልኩ። ጆሮዬ እኮ ነሽ። አንቺ ከሄድሽ ሰው ምን እንዳለኝ ማን ይነግረኛል? ከሰው መካከል ተቀምጬ የሰው አፍ ሲከፈት ሲዘጋ እያየሁ ልሙት? እንዲህ ብዬ ልቤን አደነደንኩ። ዛሬ ደግሞ ያ ልጅ ለዚች ለቀረችኝ ጆሮ መሸፈኛ ገዝቶ መጣ። እኔ የልጄን ጆሮ ዘግቼ ተቀምጬ፣ እሱ የኔን ሊጠብቅልኝ።" መሸፈኛውን ከአንገቱ አውልቆ በሁለት እጁ ያዘው። "አልቻልኩም። ሳይርቅ በቅርቡ ይባላል። በአሥር ሰዓት ሊሄድ ነው። መሄድ ከፈለግሽ ሂጂ። እኔ ይህችን አጥልቄ የቀረችኝን እጠብቃለሁ።"

ደጅ ላይ አንድ ሰው ሊስል ነበር፤ አሮጊቷ አያት በክርናቸው መቱት።

ሚዛን ተናደደች። እንዲህ ተናዳ አታውቅም። አራት ወር! ልትጮህበት ፈለገች፤ ግን ጮኻ ምን ልታደርግ፣ አይሰማት። ንዴትን በጣት መናገር ደግሞ አይቻልም፤ ለኪሎ ምልክት አላቸው፣ ለዚህ ግን የላቸውም። የአባቷን ፊት አየችው፤ ቅንድቡ ላይ ዱቄት አለ፣ ዱቄቱ መካከል እንባው መንገድ አውጥቷል። ንዴቷ ሳይወጣላት አንጀቷ ራራ። መዳፏን ከራሷ በላይ ዘረጋች። ሞላ፣ አቁም።

አባቷ ፊቱን በእጅጌው ጠረገ።

በዚያው ሬዲዮው ተንሿሿ። "እየዞረ ነው። እንዳለፍኩት ይሰማኛል። ይታያል ወይ? ጨረስኩ።"

መለኪያው ሰረዙን ትቶ ሰባ ስድስት አለ። ስልሳ ስምንት። ስልሳ አንድ። ሚዛን አተኩራ አየችው። ሃምሳ ስምንት። ሃምሳ አራት። ነፋሱ እየነፈሰ፣ ደመናው ከገመገሙ ላይ ተጋድሞ፣ ቁጥሩ ሃምሳ አራት ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ። በግድግዳዋ ላይ እንዲህ ያለ ቁጥር ጽፋ አታውቅም።

"እዚህ ይመስለኛል" አለ ድምፁ። ደክሞታል። "ቁጥሩ ስንት ነው? ጨረስኩ።"

ሚዛን ሬዲዮውን አነሳች። ደጅ ያለው ሕዝብ ሁሉ አንገቱን አንጋጦ ያያታል፤ ሌላ ቀን ቢሆን በሐፍረት ከጣሪያው ትወድቅ ነበር። ቁልፉን ተጫነች።

"አልነግርህም" አለችው።

ትንፋሿን ሰበሰበች፤ ቁልፉን ግን አልለቀቀችም።

"ያን ቀን አልሰማሁህም። እኔም ቁልፉን ተጭኜ ቁጥር ስቆጥር ነበር። የተናገርከውን የሰማሁት አሁን ነው፤ አባባ ነገረኝ። እሱ ሰምቶሃል። እኔ የላክሁልህ ሁሉ ቁጥር ነበር፣ ሌላ ነገር አልነበረም። እውነት ቁጥር ብቻ ነበር። የሆዴን ብትጠይቀኝ ኖሮ ያኔውኑ እነግርህ ነበር። አሁን ቁጥሩን አልነግርህም፤ ነገም አልነግርህም። ማወቅ ከፈለግክ ውረድና መጥተህ ራስህ እየው። ጨረስኩ።"

ቁልፉን ለቀቀች። ከሬዲዮው የሚወጣ ነገር የለም። ሚዛን ሬዲዮውን ጆሮዋ ላይ ለጠፈችው። አስተማሪው አፉን ይዟል። ነርሷ ግን አልቻለችም፤ ከጆንያዋ ላይ ብድግ ብላ፣ "ብሎኑን! ብሎኑን ሳያስር እንዳይወርድ በይው!" አለች። እውነቷን ነው፤ ሚዛን ደንግጣ ቁልፉን መልሳ ተጫነች።

"መጀመሪያ ግን ብሎኑን እሰር። ጨረስኩ።"

ከዚያ እሱ ቁልፉን ተጭኖ ኖሮ ከሬዲዮው የብረት ድምፅ መጣ፤ መፍቻ ብሎን ላይ ሲዞር፣ አንዴ፣ ሁለቴ፣ እስኪጠብቅ። መለኪያው ሃምሳ አራት ላይ ነበር፤ አልተነቃነቀም።

"አሰርኩት" አለ። ድምፁ ተሰብሮ ነበር፤ እየሳቀ ይሁን እያለቀሰ አይለይም። "እየመጣሁ ነው። አንቺ…"

የጀመረውን አልጨረሰም። "ጨረስኩ" ማለቱንም ረሳ። ሬዲዮውን ደረቱ ላይ ሲያንጠለጥለው ቁልፉ ከቀበቶው ሥር ተጣብቆ መሆን አለበት፤ ድምፁ አልተቋረጠም። ስለዚህ ሚዛን ምንም ልትነግረው አልቻለችም፤ መስማት ብቻ። ትንፋሹን ሰማች። ነፋሱን ሰማች። ጫማው የማማውን ደረጃ አንድ በአንድ ሲረግጥ ሰማች፤ እንደ ልማዷ ልትቆጥረው ጀመረችና ተወችው።

አባቷ ክርኗን ነካት። በዓይኑ ጠየቃት፤ ምን ይላል?

ለዚህም ምልክት አልነበራቸውም። ሚዛን ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፈተችና ሬዲዮውን በቀረችው ጆሮው ላይ ለጠፈችለት። አባቷ ትንፋሹን ይዞ አዳመጠ። ፊቱ ቀስ እያለ ተፈታ።

"እየወረደ ነው" አላት በሹክሹክታ፤ መንደሩ ሁሉ ሰማው።